አሥራ ዘጠኝ ፎቶ

በሠፈሩ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ፈጣኗ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቶ ቤት፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ የሰው ፎቶ ስታጸዳ፣ ስታፈካና ስታትም ኖራለች። ለሰባት ልጆች ታላቅ ሆና ያደገች ናትና አንዱን አጥባ ሳትጨርስ ሌላውን ማልበስ የለመደችው ገና በልጅነቷ ነው። የአውቶብስ ሹፌሩ ባሏ፣ «አንቺ እኮ ውሃው ሳይፈላ ሻዩን የምትቀጂ ሴት ነሽ» እያለ ይስቅባታል። እሷም አብራው ትስቃለች። ፍጥነቷ ኩራቷ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ አናጺ መጣ። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ከደረት ኪሱ በወረቀት የጠቀለላትን የካሜራ ሚሞሪ አወጣ።

«እህቴ፣ የእናቴ ፎቶዎች ናቸው፤ ሥልሳ አራት። ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት ነው ያነሳኋት። ክፍሉ ጨለማ ስለነበር ፊቷ በደንብ አይታይም። አፍኪልኝና አትሚልኝ። ሚሞሪውንም ባዶ አድርጊልኝ፤ የሠራሁትን ቁም ሣጥን እያነሳሁ ለደንበኛ አሳይበታለሁ።»

«ምን ችግር አለው ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» አለችው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ከሚሞሪው አንድ በአንድ እያነበበ ያፈካቸውና እሱው ዘንድ ያስቀምጣቸዋል። ከስክሪኑ ግርጌ አረንጓዴ መስመር አለ፤ መስመሩ ዳር ደርሶ «ተጠናቋል» እስኪል ሚሞሪው አይነካም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የምታስተምረው እሷው ራሷ ናት።

ያን ዕለት ግን ሰው እስከ በሩ ተሰልፎ ነበር። የሥልሳ አራቱም ፎቶ ስም ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ስታይ ያለቀ መሰላት። ስሙ ነው እንጂ የተደረደረው፣ ፎቶዎቹ ገና ተራ እየጠበቁ ነበር። ወደ መስመሩ ዞር ብላ ሳታይ ሚሞሪውን ባዶ አደረገችው። አረንጓዴው መስመር ሲሶ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እየከፈተች አየች። አሥራ ዘጠኙ ላይ አንዲት አሮጊት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከሃያኛው ጀምሮ ያለው ግራጫ ሣጥን ብቻ ነው።

«ምነው እህቴ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለ አናጺው።

ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን ኖሯል። «ሚሞሪው ተበላሽቷል ጋሼ። አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው ያወጣው።»

አናጺው ሚሞሪዋን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። «የኔው ጥፋት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከምስማር ጋር በኪሴ ይዣት ስዞር ከረምኩ። ባለቤቴ ቶሎ አሳትም ብላኝ ነበር። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ደክመሽልኛል፤ የተገኙትን አትሚያቸው፣ ሌላ ቀን እወስዳቸዋለሁ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ምስጋናው አንጀቷን አቃጠለው። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት፤ ባሏ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ራሴን አሞኝ ነው» አለችው። ሌላ ውሸት።

በአራተኛው ቀን ማተሚያውን ሊጠግን የመጣውን ባለሙያ እንደ ዋዛ ጠየቀችው። «አንድ ሰው ሚሞሪ ላይ ያለ ፎቶ ቢያጠፋ አበቃለት ማለት ነው?»

«መች ያበቃለታል!» አለ የማተሚያውን የቀለም ቱቦ እያጸዳ። «ላዩ ላይ ሌላ ነገር ካልተጫነበት ይመለሳል። አምጪው፣ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ አወጣልሻለሁ።»

ሽርጧን ሳትፈታ ወጥታ ወደ አናጺው ሥራ ቤት ሮጠች።

አናጺው ሳንቃ እየላገ ነበር። «ጋሼ፣ ያችን ሚሞሪ ይስጡኝ» አለችው እያለከለከች።

«የቷን? ተበላሽቷል አላልሽኝም? የዚያኑ ዕለት ከፍቅፋቂው ጋር ጠርጌ ጣልኳት። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹም ወስደዋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አልተበላሸም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሥራው ሳያልቅ፣ ቸኩዬ። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁዎት።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ያን ዕለት እውነቱን ብትነግሪኝ ይገኝ ነበር?»

«አዎ።»

ከሳንቃው ላይ ፍቅፋቂውን በእጁ ጠረገ። «መሳሳትስ ማንም ይሳሳታል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። በይ ሂጂ።»

ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ሳትደብቅ ነገረቻት። ከባሏ ጋር ሆና ቆሻሻ መጣያው ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ ሠራተኞቹ የቤት ጣራ የሚያህለውን ክምር በእጃቸው አሳዩዋት። አሥራ ዘጠኙን ፎቶ በምትችለው ሁሉ አሳምራ አተመች። ሊወስድ የመጣው አናጺው አልነበረም፤ እህቱ ናት። እህትየው እዚያው ቆማ እያየች አንዱ ላይ «እዚች ላይስ ስቃለች» አለችና እንባዋን ጠረገች።

ከወራት በኋላ ከአናጺው ጋር አውቶብስ ፌርማታ ላይ ተገናኙ። ቀድሞ ሰላም ያላት እሱ ነው። «ደህና ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለች፤ አውቶብሱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ግን ዓይኗን ከጫማው ላይ ማንሳት አልቻለችም።