የአድማሱ የጭቃ ግድግዳ

አድማሱ በተሰደድንበት ከተማ፣ ፖይንት ኩክ የሚባለው ሰፈር ያለውን አዲስ ቤቱን ሸጦ ከከተማው ዳር፣ ከዳንደኖንግ ወዲያ፣ ኮረብታ ላይ የጭቃ ቤት ገዛ። ጉድ እኮ ነው! ድሮ አንድ ጃፓናዊ አናጢ በአገሩ ወግ የሠራው ነው፤ ምሰሶው ያለ ሚስማር የተጋጠመ፣ በሩ ወረቀት፣ ግድግዳው ቀርከሃ ላይ በጭቃና በጭድ የተመረገ። "አባቴ መራጊ ነበር፤ በገዛ እጄ ሪኖቬት አደርገዋለሁ፣ አድሼ አዲስ አስመስለዋለሁ" ይላል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እኔ ጸጋዬ፣ ከስደተኞች ካምፕ ጀምሮ የሠላሳ ዓመት ጓደኛው ነኝ። የጭቃ ቤት ግን እጠላለሁ። እናቴን የገደላት በክረምት የተናደ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ቅዳሜ እኔና ሌሎች ጓደኞቹ በደቦ ልናግዘው ሄድን። "የበሰበሰውን ወለል ብቻ አንሱልኝ፤ ግድግዳዬን እንዳትነኩ!" ብሎ ጣውላ ሊገዛ ወጣ። እኔ ግድግዳውን ሳየው ደሜ ፈላ። መዶሻ አንስቼ መታሁት። አንዴ ከጀመርኩ ማን ይያዘኝ! እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ፣ ቀርከሃው እስኪሰባበር ቀጠቀጥኩት። "ኧረ ተው ጸጋዬ!" ይሉኛል፤ የሚጠጋኝ ግን ጠፋ።

አድማሱ ተመልሶ ሲያይ በያዘው ጣውላ ክንዴን አለኝ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ወድቄም አልተወኝም፤ ጎኔን ደጋግሞ ረገጠኝ። ታየች የምትባለው ሚስቱ ላዬ ላይ ተደፍታ ነው ያተረፈችኝ።

ሆስፒታል ፖሊስ ሲጠይቀኝ እልህ ይዞኝ "አድማሱ ነው!" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱም ወደ እኔ ዝር እንዳይል በፍርድ ቤት ታገደ።

የኛ ሰው ደግሞ እርቅ እንጂ እገዳ መች ያውቃል? በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎች ድንጋይ አሸክመው አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈሬ፣ እምኖርበት ፎቅ፣ ፍላቴ ድረስ አመጡት። በሬን ስከፍት ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ተንበርክኳል። ለካ ጎረቤቴ ድንጋይ የያዘ ሰው አይታ ፖሊስ ጠርታለች። ይቅር ልለው አፌን ስከፍት ፖሊሶቹ ደረሱ። ድንጋዩን አስጥለው በደረቱ አስተኙትና ካቴና አስገቡለት። "ወንድሜ ነው! ይቅር ብዬዋለሁ!" እያልኩ ጮህኩ። አንደኛው ፖሊስ እገዳው የፍርድ ቤቱ እንጂ የኔ አለመሆኑን ነገረኝ።

አድማሱ ጉንጩ ከሲሚንቶው እንደተጣበቀ አየኝ። "ጸጋ፣ ዝናቡ መጣ፤ ግድግዳዬን ሸራ አልብስልኝ" አለኝ።

በዚያው ወደ ጭቃ ቤቱ ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቼ ባንድ እጄ ሸራውን እየጎተትኩ ያፈረስኩትን ሸፈንኩ። ታየች መጥታ መሰላሉን ያዘችልኝ፤ ዞሬ ላያት ግን አልደፈርኩም።