ደብተሩ የማይሠራበት ቤት

በእኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። ወሯ ሲቃረብ አባቷ ወይም ወንድሟ ሄዶ ያመጣታል፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሣም እዚያው ትታረሳለች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የትም ብትወልድ ጠያቂ የላትም። የመጀመሪያውን በባሏ ቤት የወለደች እንደሆነ ግን «እናት የላትም ወይ?» ይባላል። እናቷ በሕይወት ካለች ሐሜቱ ወደ እናቷ ይዞራል።

እኔ የምኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ታላቋን ሽንዲ አጠገብ፣ ታናሿን ወደ ፍኖተ ሰላም በኩል ድረናል። የጤና መድህን በየቀበሌያችን ሲጀመር ሦስቱም ቤት ገባ። ባሌ መጀመሪያ ላይ አንገራግሮ ነበር። መዋጮ ሰብሳቢው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አባቶች» ሲል፣ ባሌ «ቅጠሉንም በየዓመቱ እየገዛነው!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። እኔ ግን ጤፉ ተሸጦ ገንዘቡ ለሌላ ሳይውል አስከፈልሁት። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ብሆንም የመድህኑ ደብተር ላይ የተጻፈውን ቀስ ብዬ አነባለሁ። የቤተሰቡ ስምና ፎቶ አለበት፤ የጤና ጣቢያው ስም አለበት። ጥር በመጣ ቁጥር ለሁለቱም ልጆቼ «ማሳደሱን እንዳትረሱ» እያልሁ እደውል ነበር።

ታላቋ የመጀመሪያዋን አርግዛ ባሌ ሊያመጣት ሲሄድ በስልክ ደጋግሜ የነገርኋት አንድ ነገር ነው። «ልብሱ ቢቀር ይቅር፤ ደብተሩን ይዘሽ ነይ።» አልረሳችውም። በላስቲክ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛው መጣች። ተቀብዬ ሳጥኔ ውስጥ ከእኛ ደብተር ጋር አስቀመጥሁት። ማሩ፣ ቅቤውና የገንፎው ዱቄትም ተሰናዳ። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አየቻትና «ምጡ ሲጀምራት ደውሉልኝ፤ አምቡላንስ እጠራለሁ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ምጡ በማለዳ ጀመራት። አምቡላንሱ መጥቶ ቡሬ ጤና ጣቢያ አደረሰን። አዋላጇ እስከ ቀትር ስትከታተላት ቆይታ «ሕፃኑ አልወርድ ብሏል፤ ሆስፒታል ትሂድ» አለችን። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታልም የሄድነው በአምቡላንስ ነው። ለሁለቱም መንገድ የከፈልነው የለም። እንደ ደረስን ወዲያው አስገቧት፤ መጀመሪያ ገንዘብ አምጡ ያለን ሰው አልነበረም። በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ወጪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማዋለዱ ነፃ ነው። የልጄ ቁስል ግን አመረቀዘ፤ ልጁም ትንፋሽ አጥሮት ጨቅላዎች የሚሞቁበት ክፍል ገባ። አንዱ መርፌ ሳያልቅ ሌላ ይታዘዛል፤ ምርመራው ይደጋገማል፤ እኛም ከልጃችን ጋር ውለን የምናድረው በባዶ ሆዳችን አይደለም። እኔ ደብተር ስላለን አልደነገጥሁም። ሁለቱንም ይዤ ነበርና አወጣሁና ወደ መድህን መስኮቱ ሄድሁ። እዚያ የተቀመጠው ወጣት የልጄን ደብተር ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ የወንበርማ ወረዳ ነው።»

«አዎ፣ ባሏ የሽንዲ ሰው ነው።»

«ታዲያ በቡሬ በኩል እንዴት መጣችሁ?»

«የመጀመሪያዋ ነዋ! እኔ ቤት ነው የምትወልድ።»

ፈገግ አለ። «የእኔም እኅት እናቷ ቤት ነው የወለደች። ግን ደብተሩ የሚሠራው ከራሷ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት ስትመጣ ነው። እናንተ የያዛችሁት የቡሬን ነው።»

«የቡሬ ደብተርማ እኛም አለን። ይኸው።»

ተቀብሎ አየና «እሷ ግን እዚህ ውስጥ የለችም» አለ።

«ስታገባ ወጣች።»

ሁለቱን ደብተሮች ደራርቦ በሁለት እጁ መለሰልኝ። በአንዱ ስሟ አለ፣ የመጣችበት ጤና ጣቢያ የለም። በሌላው ጤና ጣቢያው አለ፣ ስሟ የለም። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ቦታውን ለቀቅሁ።

ባሌ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። የሆነውን ነገርሁት።

«ታዲያ ሽንዲ ትውለድ ነበር በይኛ!» አለ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«አንቺ ያላወቅሽውን ማን ሊያውቅልሽ ነው? ደብተሩን ከሳጥን ስታወጪ ስታስገቢ የከረምሽ አንቺ!»

ቆይቶ «ዳለቻውን እሸጠዋለሁ» አለ። ዳለቻው ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቻችን አንዱ ነው።

አማቻችን ይህን ሲሰማ ሁለት በጎቹን ሸጦ ከሽንዲ መጣ። «አባ፣ ልጁ የእኔ ነው፤ እኔ ልክፈል እንጂ» ብሎ ለመነው። ባሌ አልሰማውም። «በቤቴ የምትታረስ ልጅ ወጪዋ የቤቴ ነው። አንተ የክርስትናውን አስብ» አለው። ይህም ወግ ነው፤ ልጅ በአባቷ ቤት ወልዳ ባሏ ከፈለ ማለት ለአባቷ ነውር ነው። ጊዜው ግንቦት ነበር። በግንቦት የእርሻ በሬ ገዥ አያጣም፤ ዳለቻውም ቡሬ ገበያ እንደ ወጣ ተሸጠ።

ልጄም ልጁም ድነው ወደ ቤት ገቡ። ሰውም እየመጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ። እንደ ወጉ ገንፎ ተበላ፤ እንደ ወጉ ታረሰች። በዚያ ክረምት ባሌ ቦራውን፣ የቀረውን በሬ፣ ከጎረቤታችን በሬ ጋር አቀናጅቶ አረሰ። ቅንጃ ማለት አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬያቸውን አጣምረው በተራ የሚያርሱበት ነው። ተራው ግን ከሰማዩ ጋር አይስማማም። ዝናቡ ሲመች ተራው የጎረቤታችን ነበር፤ ለእኛ ሲደርስ መሬቱ ጭቃ ሆነ። በቆሎው ዘገየ፤ በርበሬውንም ቀነስን። ጎረቤታችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሌላ በሬ ለመግዛት አሰብን፤ ምርቱ ግን ለዚያ አልበቃም።

ታናሿ ያረገዘችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ለእሷ ወጪ ደግሞ ቦራው ከተሸጠ ቅንጃም የለም፤ መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥቶ ግማሹን መጠበቅ ነው። ባሌ ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ማታ ማታ ግን ለቦራው የሚሰጠውን ድርቆሽ ራሱ እያነሣ ያቀርብለት ጀመር፤ ቀድሞ ለጎረቤት ልጆች የሚተወው ሥራ ነበር።

ወሯ ሲቃረብ ታናሿ ደወለች።

«እማ፣ አባ መቼ ነው የሚመጣልኝ?»

«አይመጣም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽ። ደብተርሽ እኔ ቤት አይሠራም። የእኅትሽን አይተሻል።»

«ደብተር ነው ወይ የሚያርሰኝ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ወሬው ሳይውል ሳያድር አገሩን አዳረሰ። ለጽዋ ማኅበር ተሰብስበን ሳለ አንዲት አፈኛ ጎረቤቴ ጽዋውን እንኳ ከእጇ ሳታኖር «አንቺ ሆይ፣ ታላቋን በበሬ አረስሻት፤ ታናሿን በስልክ ልታርሻት ነው አሉ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

«በስልክስ አይደለም። እኔ እሄዳለሁ» አልሁ።

«ወዴት? አማችሽ ቤት ልታድሪ?»

ይህን አስቤበት ነበር። የልጅ እናት በአማቿ ቤት ከርማ አታርስም፤ ለእሱም ለእሷም የሚያሳፍር ነው። ታናሿ የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ ግን የእናቶች ማቆያ የሚሉት ክፍል እንዳለው ሰምቼ ነበር። ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች ወራቸው ሲገባ እዚያ ይተኛሉ፤ ከደጁ ምድጃ አለ፤ አስታማሚም አብሮ ያድራል። ስለዚህ «ማንም ቤት አላድርም» አልኋት።

ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ማሩንና ድስቴን ይዤ ሄድሁ። ልጄን ከባሏ ቤት ላወጣት ስደርስ የባሏ እናት ከበር ተቀበሉኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ንግግራቸውም ቀስ ያለ ነው።

«እታለም፣ ቤት እያለ ወደ ማቆያ? ልጅዎን ከእኔ ሊሰውሩ ነው?»

«ከእርስዎስ አይደለም። በሬዬን ነው የምሰውረው» አልኋቸው።

የታላቋን ነገር ሰምተውት ነበርና ሳቃቸው መጣ። «እንግዲያስ በሬው ይትረፍ። እኔ ደግሞ ሽሮውን አመጣለሁ» አሉ። ልጄ ግን ከእኛ ጋር አልሳቀችም። ነጠላዋን ተከናንባ ደብተሯን ይዛ ከፊት ከፊታችን ሄደች።

ማቆያው ውስጥ የከረምነው ጥቂት ቀን ነው። ሌሎች ሁለት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እኔ ገንፎ አገነፋለሁ፤ የባሏ እናት ከሰዓት በኋላ ሽሮና ቂጣ ይዘው ይመጣሉ፤ ጨው አነሰው በዛ እያልን እንከራከራለን። ልጄ ከአንዷ ነፍሰ ጡር ጋር ስታወራ «እኅቴ በእናቴ አልጋ ላይ ነው የተኛችው» ስትል ሰማኋት። አልጋው ከዚህኛው እንደማይሻል አውቃለሁ፤ ፍራሹ ያረጀ ነው። ይህን ብነግራት እንደማይጠቅም ስላወቅሁ ምድጃውን አራገብሁ።

የእሷም ምጥ እንደ እኅቷ አስቸገረ። አዋላጇ ሪፈሩን ጽፋ ማኅተም ስታሳርፍበት፣ እስቲ ልየው ብዬ ለመንኋት። ወረቀቱ ላይ ያለውን የጤና ጣቢያውን ስም ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። አንድ ነው። አዋላጇ «እማማ፣ ይፍጠኑ፤ አምቡላንሱ ቆሟል» እስክትለኝ ድረስ አልለቀቅሁትም።

ሆስፒታሉ ያው የቀድሞው ነው። እሷንም በኦፕራሲዮን ነው ያዋለዷት፤ ሴት ልጅ። ትኩሳት ተነሣባትና የታላቋን ያህል ባይሆንም ከረምን። መድኃኒት በታዘዘ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፤ ደብተሩን አይተው ይመዘግቡታል፤ እፈርማለሁ፤ መድኃኒቱን እወስዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ሌላስ?» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። «ሌላ የለም፣ ይሂዱ» አሉኝ። ከመቀነቴ የወጣው ለምግባችንና ለመመለሻችን መኪና ብቻ ነው። ታላቋ የወሰደችው መድኃኒት ከታናሿ የተለየ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የመርፌው ብልቃጥ ክዳን ግን አንድ ዓይነት ቀለም ነበረው።

ስንወጣ ባሌ ደወለ። «ከተገላገለች ወዲያ ምን ቀረ? አምጫት፤ በእናቷ ቤት ትታረስ» አለኝ። ልጄ ከጎኔ ሆና ሰማችው። ፊቷ ተፈታ። እኔ ቁስሏን አሰብሁ፤ የታላቋ ያመረቀዘው ከወለደች በኋላ ነው። ሕፃኗንም አሰብሁ። እኔ ቤት ሆነው አንዳቸው ቢታመሙ የሚላኩት በቡሬ በኩል ነው። የመኪናው ሾፌር ፊቱን አዙሮ «እናቴ፣ ወደ ቡሬ ነው ወይስ እዚሁ?» አለኝ።

«እዚሁ፣ ወደ ባሏ» አልሁ።

ልጄ እስከ ደጃፏ ድረስ አልተናገረችኝም። የባሏ እናት የራሳቸው ጎጆ ከልጃቸው ቤት ጎን ስለሆነ፣ እኔ ከእሳቸው ጋር እንድተኛ መደብ አነጠፉልኝ። የማንም አማች ቤት አላደርሁም፤ በዚህ ማንም ሊያማኝ አይችልም። ቀን ቀን አረስኋት፤ ቁስሏም ሳያመረቅዝ ደረቀ።

ለክርስትናው ባሌ ከጎረቤታችን ጋር መጣ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ልጄ ሕፃኗን እንደታቀፈች ወደ አባቷ ቀረብ አለች።

«አባ፣ በሬህ ደህና ነው?» አለችው።

«ደህና ነው። ሰላም በልልኝ ብሎሻል» አላት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እኔ ሕፃኗን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ግን ዞር ብላ ለባሏ እናት አቀበለቻት።