የእናቴ ዱካ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከባሕር ዳር መጣና ጫማውን ሳያወልቅ «እማዬ፣ ብሮክ ሆኛለሁ» አለኝ። የሞባይል ጥገና ሱቁ አልሄድ ብሎት ዘግቶታል። «ጓደኛዬ ‹ከሱቄ ጥግ ተቀምጠህ ሥራ› ይለኛል። በምን ፊቴ!» አለ። ሐዘኑ ቢገባኝም «ብሮክ» የምትለዋን ቃል ሲያነሳት ፈገግ አልኩ። ከእሷ ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደብረ ታቦር ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን የቃላትን ዘር መቁጠር ይወዱ ነበር። «ብሮክ ገንዘብ ያለቀበት ነው፤ ቃሉ ግን ‹የተሰበረ› ማለት ነው» አሉን። «ድሮ በጣልያን አገር ገንዘብ መንዛሪ ገበያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር አሉ። ሲከስር አግዳሚውን ይሰብሩበታል፤ ከዚያ ወዲያ ከነጋዴ ጋር አይቀመጥም። ቃሉ ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ።» ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እናቴ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። አባቴ ታሞ የንግድ መነሻዋን ሕክምናው በላው፤ እሱ ዳነ፣ እሷ ባዶ እጇን ቀረች። አፍራ ከገበያ ከቀረች ሰንብታ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ «ሂጂ፣ የምቀመጥበትን ዱካዬን ከእትዬ የሺ ተቀብለሽ አምጪልኝ፤ ቦታውን ሌላ ሰው ይያዘው» አለችኝ። እትዬ የሺ የገበያ ጎረቤቷ ናቸው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ ዳር ዳሩን የገብስ እሸት ይሸታል፤ እኔ ግን የማስበው ያንን የጣልያን አግዳሚ ብቻ ነበር።

ገበያው ጢም ብሏል። የእናቴ ቦታ ግን ማንም አልተቀመጠበትም። ዱካዋ እንደነበረ አለ፤ ከፊቱ ጆንያ ተዘርግቶ ነጭ ሽንኩርት ተከምሮበታል፤ ትልቅም ትንሽም ድብልቅልቅ ያለ። ሴቶቹ ከየቁናቸው እየዘገኑ ያዋጡት መሆኑ ያስታውቃል።

«እትዬ፣ እናቴ ዱካዬን አምጪ ብላኛለች» አልኩ።

«አንሰጥም በያት!» አሉ እትዬ የሺ ወገባቸውን ይዘው። «ላም ነጠፈች ተብሎ ጋጧ ይፈርሳል? ሽንኩርቷን ፀሐይ እየመታው ነው፤ ትምጣና ትሽጥ! ስታገኝ ትመልሳለች። እኔንስ ባሌ የሞተ ጊዜ ከዱካዬ መልሶ ያስቀመጠኝ ማን ሆነና? እናትሽ አይደለችም?»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። እናቴ የተባለውን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበች፣ መቀነቷን አጠበቀችና ቀድማኝ ወጣች። ዱካዋ ላይ ስትቀመጥ ማንም የት ጠፋሽ አላላትም። «ዝርዝር አለሽ ወይ?» ነው ያሏት፣ ትናንት አብረው እንደዋሉ ሁሉ። እሷ ዘንድ ዝርዝር! መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት።

ሰኞ መምህሩ በ«ብሮክ» ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉ እጄን አወጣሁ። በዚያ በሚንገዳገድ እንግሊዝኛዬ «እናቴ ገንዘብ የላትም፤ ዱካዋን ግን ማንም አልሰበረም» አልኩ። ክፍሉ አሁንም ሳቀ። ይሳቅ! እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ የቆምኩበት ቀን የለም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ዱካው ዛሬም ቤቴ ነው፤ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል። ከእናቴ የወረስኩት ሀብት እሱ ነው፤ በእኔ ቤት ከእርሻም ከቤትም ይበልጣል። «ስትመለስ ይዘኸው ሂድ፤ ጓደኛህ ተቀመጥ ብሎሃል፣ ተቀመጥ» አልኩት። እሁድ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የዱካውን ሽቦ በፒንሳ ሲያጠብቅ አገኘሁት።