ኤመት ታከትና የውሃ መሳቢያው ሞተር

እህቴ ኦፓል ኤመት ታከትን ስታገባ ካዘኑት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወሬው ሁሉ ሞተር ስለነበር ነው። እኛ ኦይልዴል ውስጥ አሮጌ ፎርድ አራቁቶ፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ሆት ሮድ የሚሉትን የፍጥነት መኪና ለመሥራት ያልሞከረ ወንድ አይገኝም። ሌላው ግን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መኪናውን ይረሳል። ኤመት እየዘመረም ስለ ካርቡራቶር ያስባል።

ምኞቱ አንድ ነበር፤ በገዛ እጁ ባደሰው የድሮ ፎርድ ሞተር የመኪና ፍጥነት በሚፈተንበት ኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅ ላይ አንዴ እስከ መጨረሻው ረግጦ መንዳት። ከከተማችን የነዳጅ ጉድጓዶች ጥገና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለዚሁ የገዛው አሮጌ መኪና ያለ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ተጎልቶ ኖረ። ኦፓል ወንበሩ ላይ ሽንኩርት ታሰጣበት ነበር።

በጸደይ አርቪን አጠገብ አንድ የኮክ እርሻ ውስጥ፣ ድሮ ውሃ ይስብ የነበረ ባለ ስምንት ሲሊንደር የፎርድ ሞተር መኖሩን ሰማና ፒካፔን አስነሥቶ ወሰደኝ። የእኛ ሰው ሞተር ሊገዛ ሲሄድ ሞተሩን አያይም። መፈለጉ የታወቀ ቀን ዋጋው ይሰቀልበታል። ኤመትም ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ አጥሩን አደነቀ፣ ውሻውን አሻሸ።

«ያ ዝገት መንገድ አልዘጋብህም?» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለ ባለ እርሻው እየሳቀ፣ «ከኦይልዴል ድረስ የመጣኸው ውሻዬን ልታሻሽ ነው?»

ተሳስቀው ተስማሙ። የዚህ ሞተር በሽታ ግን ይታወቃል፤ ከቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የላይኛውን ክዳን፣ ቴስታውን ፈትተን ከሥሩ ያለውን ብረት ላምባ ቀባነው፣ ወለወልነው፣ ጠመኔ ነሰነስንበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ላምባ መልሶ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ኤመት አፍንጫው ብረቱን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ንጹሕ ነው! እንደ ሕፃን ገላ!»

እኔ ሰንሰለት ስጎትት ነበርና አላየሁም። ጭነን ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ኦፓል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና ብረቱን አየችው።

«ይሄ ጥቁር መስመር ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይኸው፣ ጣትህ ያረፈበት!»

ጣቱ እውነትም መስመሩ ላይ ነበር። ኦፓል ብረቱን ትታ ባሏን አየችው።

«አንተ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?»

«አያለሁ እኮ። መሃል መሃሉ ብቻ ነው የሚጠፋብኝ።»

ሐኪሙም ይህንኑ አለ። ትኩር ብሎ የሚያየው ነገር መሃሉ በጭጋግ እየተሸፈነ ይሄዳል፤ መድኃኒት የለውም። እኔ ነገሩ አበቃለት አልኩ። ኤመት ግን «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት አለ» ብሎ በማግስቱ ስንጥቁን በትናንሽ ቡሎኖች መስፋት ጀመረ። እሱ በጣቱ ይዳስሳል፣ ኦፓል መለኪያውን ታነብለታለች። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ ሞተር ማለት ለእሷ ጠዋት የሚነሣ ወይም የማይነሣ ነገር ነበር። አሁን በሹራብ መሥሪያዋ ከሞተሩ የውሃ መተላለፊያ ውስጥ፣ ፋብሪካው ብረቱን በአሸዋ ቅርጽ ሲያፈስ የቀረ አሸዋ እየጫረች ታወጣለች።

«ይሄን ሁሉ አሸዋ ተሸክሞ ነው የኖረው?» ትላለች።

«እኔስ አንቺን ተሸክሜ ኖሬ የለ?»

«ዝም በልና ያዝልኝ!»

ሽቦዎቹንም፣ ማብሪያና መዝጊያዎቹንም፣ ቀበቶውንም አንድ በአንድ የገጠመችው እሷ ናት። አንድ ቀን ኤመት ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግቶ ሲያስር አገኘሁትና «ምነው፣ እያጠርክ ነው እንዴ?» ብዬ አሾፍኩበት። ቡሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

በመከር ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ፣ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ጮሁ፣ ኦፓል እንደ ልጅ ዘለለች። እኔን ግን ጭንቀት ያዘኝ። ይህ ሰው ሊነዳ ነው? ማንስ ደፍሮ ይከለክለዋል?

ኅዳር ላይ ኤል ሚራዥ ወረድን። በመኪና ክለባችን ደንብ፣ ከመነዳቱ በፊት የነጂው ዓይን በጨርቅ ይታሰራል። ተቆጣጣሪው ይጠራል፣ ነጂው ይነካል፤ ቤንዚን መዝጊያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ቀበቶ። መኪና ቢገለበጥ አቧራና ጭስ ውስጥ ዓይን አይሠራምና። ኤመት ጉልበቱን አጥፎ እንደምንም ተቀመጠ። ተቆጣጣሪው ክሊተስ ጠርቶ ሳይጨርስ እጁ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

«ጋሼ ኤመት፣ እንደ እርስዎ ያለ አላየሁም። አልፈዋል!»

ወደ ክሊተስ ጠጋ አልኩ። ልናገር አፌን ስከፍት ኤመት ጨርቁን ፈታ፣ ከመኪናው ወጣና ሄልሜቱን ለኦፓል ሰጣት።

«እኔ ማለፍ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ዓይኔን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ግቢ።»

«አብደሃል? እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ!»

«ዛሬ ከኋላ የሚጮህብሽ ልጅ የለም።»

«እሺ ብሰብረውስ?»

«እንሠራዋለን። ወንበሩን ለማን ቁመት ያሰርኩት መሰለሽ?»

ኦፓል ወንበሩን አየች፣ ባሏን አየች፣ ሄልሜቱን ተቀበለች። ክሊተስ ዓይኗን አሰረ። የጠራውን ሁሉ ነካች፤ ራሷ የገጠመችው ነው።

ስትነሣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ኤመት ግን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

«ሁለተኛ ማርሽ… ዘገየች። ሦስተኛ። አሁን… በይ ኦፓል፣ በይ… ረገጠችው!»

ድምፁ ሐይቁ ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ኤመት ፊቱ በእንባና በአቧራ ጨቀየ። አልጠረገውም። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

ኦፓል ተመለሰች። ሄልሜቱን ስታወልቅ ጥርሷ ብቻ ነጭ ነበር።

«ሁለተኛውን አዘገየሁት፣ አይደል?»

«ትንሽ። ውጪ እንግዲህ፣ ይቀዝቅዝ።»

«አልወጣም። ደግሜ ነው የምሄደው።» መሪውን እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች። «ኤመት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የፈለግከው ይሄን ነበር? ለምን እንዲህ ነው ብለህ አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር» አለ፣ እጁን የጋለው መኪና ላይ አሳርፎ። «ሽንኩርት እያሰጣሽ ነበር።»