ውሃ የሚናጥበት ቅል

ወተት ሲናጥ ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ይንቦጫረቃል። ቆየት ሲል ይወፍራል፤ ቅቤው መሰብሰብ ሲጀምር ደግሞ የቅሉን ጎን ዱብ ዱብ ያደርገዋል። ውሃ ግን አይለወጥም። ሲጀመር የነበረው ድምፅ እስከ መጨረሻው ያው ነው። ይህን የማውቀው ባለቤቴ ውሃ ስትንጥ እየሰማሁ ስለኖርኩ ነው።

አሰላ ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች። እኔ በጋሪ ሰውም እህልም አመላልስ ነበር። ባለቤቴ ፀጉር ትሠራለች። የሰፈሩ ሙሽራ፣ የሰፈሩ አራስ፣ ለመስቀልና ለጥምቀት ማማር የሚሻ ሁሉ እሷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብሎ ይሠራል። እናቴ ከጓሯችን ባለች ጎጆ ከአንዲት ላሟ ጋር ትኖራለች፤ እሷም ብትሆን ፀጉሯን ከምራቷ እጅ በቀር ለማንም አትሰጥም ነበር።

ከዚያ በባለቤቴ ቀኝ ጡት ውስጥ ባቄላ የሚያህል እብጠት ወጣ። ቅጠሉም ተሞከረ፣ ጸበሉም ተሞከረ። እብጠቱ ግን እያደገ ሄደ። በመጨረሻ በጭነት መኪና አሳፍሬ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ ነቀርሳ ነው፣ ጡቷ ካልተቆረጠ አትተርፍም ብሎ በአስተርጓሚ ነገረን። ተቆረጠ፤ ተረፈች። ሐኪሙ ግን ስንሰናበት አንድ ቃል ጨመረ፤ ይህ ነገር አንዳንዴ ዞሮ ይመጣል አለ። እሷም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ። ለእናቴ አንዴ ነገርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማናችንም ያንን ቃል በአፋችን አላነሳነውም።

ቁስሏን ታጥብላት የነበረችው ነርስ ደግሞ ልንወጣ ስንል ከግድግዳ አጠገብ አቆመቻትና በጣቶቿ ግድግዳውን ወደ ላይ እንድትወጣው አሳየቻት፤ ልክ ሸረሪት እንደምትወጣው። ክንድሽን በየቀኑ አሠሪው፣ ካላሠራሽው ይደርቃል አለቻት።

ቤት ስንገባ እናቴ ይህን ሰምታ ተቆጣች። የታመመ አካል ይረፍ እንጂ ይሥራ ሲባል የት ታይቷል ብላ ክንዷን በነጠላ ከአንገቷ ጋር አሰረችላት። ክፋት አልነበረባትም፤ እሷ የምታውቀው መድኃኒት ዕረፍት ነው። ባለቤቴም አቅም አልነበራትም፣ እሺ አለች። ቁስሉ ሽሮ ነጠላው ሲፈታ ክንዷ ከጎኗ አልላቀቅ አለ። የገዛ ሻሿን ማሰር አቃታት፤ እኔ አስርላት ጀመር።

ያን ጊዜ ነርሷ ትዝ አለቻትና ግድግዳውን መውጣት ጀመረች። ጣቶቿ ትከሻዋ ጋ ሳይደርሱ ይመለሳሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴት በበሩ ብቅ ብላ አየቻት። ወዲያው ወሬው ሰፈሩን ዞረ፤ ያቺ ፀጉር ሠሪ ግድግዳ ትቧጥጣለች፣ ለክፏት ነው ተባለ። ባለቤቴ አፈረችና ተወችው። ሴቶቹም መምጣት ተዉ። እናቴ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ጠቅልላ ትውላለች፤ ሌላ ሠሪ ያገኘች መሰለን። በዚያ ላይ ላሟ ጋ እንዳትደርስ ከለከለቻት፤ ጡቷን ያጣች ሴት ወተት ብትነካ የላሟ ጡት ይነጥፋል ብላ ታምን ነበር።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት ከብት ያላቸው የአርሲ ሴት ነበሩ፤ አዴ እንላቸዋለን። ባለቤቴ አንድ ቀን ሄዳ አሮጌ መናጫ ቅል ለመነቻቸው። የወተት ጠብታ በሌለበት ቤት ምን ይሠራልሻል አላሉም። አፉ ላይ የተሰነጠቀና በጅማት የተሰፋ ቅል አውጥተው ሰጧት። «ጀባዱ» አሏት፤ በርቺ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ማለዳ ስነቃ ቅሉን ጭኗ ላይ አጋድማ ትንጣለች። ወተቱን ከየት አመጣሽው አልኳት።

«ውሃ ነው» አለች። «ግድግዳ ስቧጥጥ ያየኝ አበደች ይላል። ቅል ስንጥ ያየኝ ግን ሥራ ላይ ናት ብሎ ያልፋል።»

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ፈረስ ግን አውቃለሁ። ትከሻው የተመታ ፈረስ በረት ውስጥ ታስሮ ከከረመ ዳግመኛ ጋሪ አይጎትትም። ስለዚህ ከአሮጌ የጋሪ ዕቃ ላይ ባለ ዘለበት ጠፍር ፈታሁና ቅሉን ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠለጠልኩላት። ጠፍሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ዘለበቱን ባሳጠሩት ቁጥር ቅሉ ከፍ ይላል፣ ክንዷም አብሮት ከፍ ማለት አለበት። መጀመሪያ ወገቧ ትክክል ነበር። ጥርሷን ነክሳ ትገፋዋለች፣ ትስበዋለች። ላቧ ይንጠባጠባል። ሲለምድላት «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀዳዳ ከፍ አርግልኝ» ትለኛለች። ከፍ አደርግላታለሁ፤ እንደገና ጥርሷን ትነክሳለች።

እኔም በዚያ ድምፅ መኖር ጀመርኩ። ማለዳ ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ቤታችን ውስጥ ምንም ሳይታይ፣ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት ጆሮዬን እልካለሁ። እንቦጭ፣ እንቦጭ። አለች ማለት ነው። ክንዷን ልታሳርፍ ዝም ስትል እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ከቤት ስወጣም ድምፁ አይለቀኝም። ከጋሪው እግር ሥር እሰማዋለሁ፤ ከዚያ ድንገት ይቆምብኛል። አንድ ጊዜ ከነተሳፋሪዬ ፈረሱን ወደ ቤት አዙሬ፣ ተሳፋሪው ነጋዴ፣ ሰውዬ ገበያው ቦታ ቀየረ እንዴ ብሎኛል። ፈረሱን መለስኩት።

ሰው ማታለል ይቻላል፤ ስትንጥ የኖረችን ሴት ጆሮ ግን ማታለል አይቻልም። እናቴ አንድ ጠዋት ገባች። ይህ ቅቤ የማይወጣው ወተት የማን ላም ወተት ነው አለች። ክዳኑን ነቅላ እጇ ላይ አፈሰሰችው። መዳፏን ረጅም ጊዜ አየች።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» አለች። «የሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው፣ ልጄ?»

ባለቤቴ ቅሉን አልለቀቀችውም።

«ቅቤ አይደለም የምፈልገው፣ እማማ። ክንዴን ነው።»

እናቴ ክዳኑን ሳትመልስ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ ቅሉ አንስታ አታውቅም። የጠፍሩ ቀዳዳ ግን እያለቀ ሄደ። ቅሉ ደረቷ ጋ ደረሰ፣ አለፈው፤ ትከሻዋ ጋ ደረሰ።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ነቅቼ ጆሮዬን ላክሁ፤ ምንም የለም። አረፈች ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። እጄን ብዘረጋ ከጎኔ ያለው መኝታ ቀዝቅዟል። ቅሉ ከጠፍሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። ባዶ እግሯን፣ በጭቃው ላይ እየሮጠች መጥታለች።

«ምን ሆነች? ድምፁ የለም እኮ» አለችኝ።

እኔ ብቻዬን የማዳምጥ መስሎኝ ኖሯል። እሷም በዚያኛው ግድግዳ በኩል፣ ያን ሁሉ ጠዋት ጆሮዋን ልካ ስትጠብቅ ኖራለች። አንዳችንም ያንን የሐኪሙን ቃል አልጠራነውም፤ ቤቱ ውስጥ ግን ቆሞ ነበር።

ወጥተን ስንፈልግ ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ሰማን። ገባን። አዴ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ባለቤቴ ከበላያቸው ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት ክንዷን አንስታ ፀጉራቸውን ትሠራለች። ቀኝ ክንዷ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አዴ እኛን አይተው፣ ከፈረሱ በፊት የጋሪው ባለቤት መጣ ብለው ቀለዱብኝ።

እናቴ አልሳቀችም። አዴ እስኪያልቅላቸው በሩ ሥር ቆመች። ከዚያ ሄዳ በቦታቸው ቁጭ አለች፣ ሻሿንም ፈታችው። ፀጉሯ ተቆላልፎ እንደ በግ ቆዳ ሆኗል።

«ከአንቺ እጅ ወዲህ ማንም አልነካውም» አለች። «ሥሪኝ።»

ባለቤቴ ፀጉሯን በቅቤ እያለሰለሰች ፀሐይዋ እስክትጠነክር ፈታታችው። ክንዷ ሲደክማት እናቴ ትከሻ ላይ ታሳርፈዋለች፤ እናቴም ሳትነቃነቅ ትጠብቃለች።

ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ተመለሱ። እናቴ እስቲ ቅሉ ውስጥ ወተት ልጨምርልሽ ብትላት ባለቤቴ እምቢ አለች። ወተት ቅቤ ከወጣው በቃ፣ ውሃ ግን ማለቂያ የለውም፣ እሱ ይሻለኛል አለች። አብረን ብዙ ክረምት አየን፤ ልጆችም አሳደግን። የሐኪሙ ቃል ዘግይቶ ደረሰ፤ ነቀርሳው በጀርባዋ በኩል ዞሮ መጣ። መነሳት እስኪያቅታት ድረስ ግን ማለዳ ማለዳ ትንጥ ነበር። የገነዟት ሴቶች ክንዷ እንደ ሕፃን ክንድ ለስልሶ ታጠፈ ብለው ነገሩኝ። ለምን እንደነገሩኝ አላውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

አሁን የኔም ትከሻ አልታዘዝ ብሏል። ማለዳ ተነስቼ ቅሉ ውስጥ ውሃ እጨምራለሁ። ያው ድምፅ ነው። አንዳንዴ ደክሞኝ መናጤን ካቆምኩ በኋላ እንኳ ጥቂት ይቀጥላል። ያኔ እሷን እንዳላጣት ዞር ብዬ አላይም። ልጆቼ በጣም ከፍ ብሎብሃል አባባ፣ ዝቅ እናድርግልህ ይሉኛል። ዘለበቱ ያለው እሷ መጨረሻ የደረሰችበት ቀዳዳ ላይ ነው። እሱን አትንኩ እላቸዋለሁ፣ እኔ እደርስበታለሁ።