የወንድሜ ኮምፒዩተር ጠዋት ጠዋት

ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው ሌሎች ሰዎች ነገሩን በሹክሹክታ ሲያወሩት ስለምናደድ ነው። እሱ ራሱ "አላይም" ይላል፣ አለቀ።

ወጣት ሳለ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበር። ደዋዩ "ሃሎ" ከማለቱ ማን እንደሆነና በየትኛው ጎኑ እንደተነሳ ያውቅ ነበር። ኋላ ስልኩን ራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ መጣና ወንድሜን አመስግነው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሳሎናችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ኖረ። እንግዳ ሲመጣ "ደህና ነው?" ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነበር፤ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ! ደሜ ይፈላ ነበር።

ይህን የለወጠው ኮምፒዩተር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ እኛ ቤት "አንባቢው" እንለዋለን። ወንድሜ በእሱ እየተመራ መተየብ ተማረ። የተቀዱ ስብሰባዎችን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ አንድ ድርጅትም ቀጠረው። ቅጂው ጠዋት በኢሜይል ይመጣል፣ እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይተይባል፣ ከምሳ በፊት ይልካል። ስብሰባው ሁሉ ሰው ባንዴ የሚጮህበት ቢሆን እንኳ ማን ምን እንዳለ ለይቶ ያወጣዋል። እኔ ባዳምጠው የሚሰማኝ ጫጫታ ብቻ ነው።

ችግሩ ዘመዶቻችን ናቸው። እኛ ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው የለም፤ ለወንድሜ ግን ምን እንደሚያመጡለት ግራ ይገባቸው ነበር። ኮምፒዩተር ከገዛ ወዲህ ተገላገሉ። እያንዳንዱ በፍላሽ አንድ ፕሮግራም ይዞ ከች ይላል። አክስታችን ሰዓት የሚናገር አመጣችለት። የአጎታችን ልጅ የአየር ሁኔታ የሚያወራ ጫነለት። አንዱ ደግሞ ሬዲዮ። ኤሌክትሪሻኑ አማቻችን ቫይረስ መከላከያ አስገባለት፤ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ "እሱ ምን ያውቃል!" ብለው ወርደው ሌላ መከላከያ ደረቡለት። ሁለቱ በደረጃው አምፖል ከተጣሉ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ወንድሜ ለሁሉም መልሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። ስጦታ እንቢ ማለት አይሆንለትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ መዓት ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሳል። ገና ማብሪያውን ሲጫን ሰዓቱ ይለፈልፋል፣ የአየር ሁኔታው ዝናብ ሊመጣ ነው ይላል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። ወንድሜ የሚፈልገው አንድ ድምፅ፣ አንባቢው፣ ከሁሉም ኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ቢመጣም ይንተባተባል፤ አንድ ቃል ይጀምርና ጭጭ። ወንድሜ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ጠዋቱ እንዲሁ ይሄዳል፤ ቅጂውም ከምሳ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ዓርብ የድርጅቱ ኃላፊ ደወለች። ወንድሜ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ስለሚያወራ ሁሉንም ሰማሁ።

"ሥራህን እወደዋለሁ" አለችው። "ግን ደንበኞቹ እኔ ላይ ነው የሚጮሁት። የሰኞው ቅጂ ከምሳ በፊት ካልደረሰኝ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ገባኝ" አላት። ስልኩ ሲዘጋ ተነስቶ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር ሄደና ተቀመጠ። ፈራሁ። እዚያ ወንበር ላይ ተመልሶ እንዳይቀር ፈራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች የተደረደሩበትን ገጽ አወጣሁና ስማቸውን እንኳ በደንብ ሳላነብ ሁሉንም አገድኳቸው። ዘግቼ ከፈትኩት። እንዴት ያለ ፍጥነት! በደስታ አጨበጨብኩ።

"አልከፈትሽውም እንዴ?" አለ ወንድሜ።

"ተከፍቷል እኮ! እንደ አዲስ ሆኗል!"

"ታዲያ ለምን አይናገርም?"

ስክሪኑን አየሁ። አንባቢውንም ከሌሎቹ ጋር ጠራርጌው ኖሯል።

"እታለም" አለኝ፣ "አፋጥኝልኝ ብዬሽ አፉን ዘጋሽው?" ሳቁን ሲለቀው እኔም ከነእፍረቴ ሳቅኩ። ከዓርብ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

"በንዴት አይሆንም" አለ ወንበሩን ወደ እኔ እየሳበ። "ኦፕሬተር እያለሁ የጥገና ሠራተኞቹ መስመር ሲበላሽ ሁሉንም አይነቅሉም ነበር። አንዱን ብቻ ይነኩና ያዳምጣሉ። እኛም እንደዚያ እናድርግ፤ አንቺ እዪ፣ እኔ ልስማ።"

አንባቢውን መለስነው። ከዚያ ሌሎቹን ተራ በተራ፣ አንዱን ብቻ እያስነሳን፣ ኮምፒዩተሩን እየዘጋን እየከፈትን ሞከርናቸው። ወንድሜ መዳፉን የኮምፒዩተሩ ጎን ላይ አሳርፎ የማራገቢያውን ድምፅ ይከታተላል። የአክስታችን ሰዓት፦ "ይቺ አትከብድም፤ ለፍላፊ ብቻ ናት።" ሬዲዮው፦ "ትንሽ ይጎትታል።" የአማቻችን መከላከያ ብቻውን ሲነሳ ደህና። የጎረቤታችንም ብቻውን ደህና። ግራ ገባኝና ልተወው ስል ወንድሜ "እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ" አለ።

ማራገቢያው ጮኸ። አንባቢው "እንኳን ደህና መጡ" ሊል "እንኳ... እንኳ..." ብሎ ቀረ። ለካ አንዱ የነካውን ሌላው ይፈትሻል፣ ያኛው ደግሞ ፈታሹን ይፈትሻል፤ በመሀል ለማንም መላወሻ የለም።

"እዚህም ገብተው ተጣሉ!" አልኩ።

አንዱ ጨርሶ መውጣት ነበረበት። የአማቻችን ከታደሰ ቆይቷል፣ ጊዜው አልፎበታል። እኔ ዝም ብዬ ላጠፋው ነበር፤ ወንድሜ ግን "ሳልነግራቸው አይሆንም" ብሎ ለአማቻችን ደወለ።

"ጋሼ፣ የጫኑልኝን ቫይረስ መከላከያ ላጠፋው ነው።"

"ምን በደለህ?"

"ከሌላኛው ጋር ሲሆን ኮምፒዩተሩ አይነሳልኝም።"

"የዚያ ሰውዬ ነዋ! የሱን አስቀምጠህ የኔን?"

ስልኩን ልቀማው እጄን ዘረጋሁ። ወንድሜ እጄን ገፋ አደረገው።

"የእርስዎ ጊዜው አልፎበታል፣ ጋሼ። ሰኞ ከምሳ በፊት ካላደረስኩ ደግሞ ሥራዬ ይሄዳል። ሥራዬን እፈልገዋለሁ።"

"እና እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"ስጦታ እንዴት ይመለሳል ብዬ ነዋ።"

"ማን መልስልኝ አለህ? አጥፋው እንጂ!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ሰውዬ ግን እንዳይሰማ" አለ።

አጠፋነው። የቀሩትን ደግሞ ሲጠሯቸው ብቻ እንዲመጡ አደረግናቸው፤ አክስታችን ስትመጣ ሰዓቷን ከፍቶ ያሰማታል።

ሰኞ ጠዋት ማብሪያውን ሲጫን እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንባቢው ብቻውን ተነሳ፣ ጥርት አድርጎ "እንኳን ደህና መጡ" አለው። ወንድሜ ማዳመጫውን አጠለቀና ጣቶቹ መሮጥ ጀመሩ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አንዱን ድስት ደጋግሜ አጠብኩ። የቁልፎቹ ድምፅ በቆመ ቁጥር እኔም ማጠቡን አቆማለሁ።

ምሳ ከመድረሱ በፊት "ላክሁት!" ሲል ሰማሁ። ወዲያው ነው የኃላፊዋ መልስ የመጣው። ማዳመጫውን ነቅሎት ስለነበር አንባቢው ለቤቱ ሁሉ አነበበው፦ "ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላ የሚሆን ሌላ ቅጂ ልኬልሃለሁ፤ ትችላለህ?"

ምሳውን አቀራርቤ ልጠራው ስገባ እሱ አዲሱን ቅጂ ከፍቶ ጀምሯል። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ፊቱን እንኳ ሳያዞር አንድ ጣቱን አነሳ።

"ቆይ እታለም፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ምሳው ይቀዝቀዝ።