ሚስቴ ፍሬን ስትረግጥ

መኪና ሥር መግባት ቀላል ነው፤ ማንም ይገባል። በዚህ ዕድሜዬ ያቃተኝ መውጣቱ ነው። ማዳበሪያ አነጥፌ በጀርባዬ እተኛና በተረከዜ መሬቱን እየገፋሁ እንደ እባብ ሹልክ እላለሁ። ሥራው ሲያልቅ ግን እባቡ የለም፤ የቀረው ጆንያ ነው። ያን ጊዜ ሚስቴን እጠራለሁ። ምርኩዟን ይዛ ቀስ ብላ ትመጣና በምርኩዙ ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን ነካ አድርጋ «ሞተሃል ወይስ እያረፍክ ነው?» ትለኛለች።

«ልዩነቱን ስደርስበት እነግርሻለሁ» እላታለሁ።

መኪናችን እንደ ኤሊ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ልጃችን ሳትወለድ የገዛናት ናት። ልጃችን ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ስንገዛት ነጭ ነበረች። በኋላ እኔው በገዛ እጄ ሰማያዊ ቀባኋት። አሁን ቀለሟ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን እንዲያምን እመክረዋለሁ።

መካኒክ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ውስጥ የጠፋ ፋይል ስፈልግ ነው። ጥገናውን የተማርኩት ጋራዥ በር ላይ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ፣ ሁሉም ነገር እንደገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ ነው። አንድ ዘመን የነዳጅ ታንከሯ ሲያንጠባጥብ በልብስ ሳሙና ደፍኜ ወራት ነዳኋት። ከዚያ ወዲህ ራሴን ኢንጂነር እላለሁ፤ ሌላ የሚለኝ ሰው ስላልተገኘ።

ዘንድሮ ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። ከክረምቱ ጀምሮ የሚስቴ ቀኝ ጉልበት አልታጠፍ አለ። ሐኪሙ ጎፋ ባለ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ እየሄደች ጉልበቷን እንድታሠራ አዘዘላት። ካቋረጠች እንደ ደረቀ እንደሚቀርም አልደበቃትም። ከቤታችን፣ ከሀና ማርያም፣ ጎፋ ሩቅ አይደለም፤ ጉልበት ላለው። ሚኒባስ አንድ ቀን ሞከረች። እግሯን ደረጃው ላይ ለማንሳት ስትታገል ረዳቱ «እናቴ ፈጠን በይ፣ ትራፊክ አለ» አላትና ወርዳ ተመለሰች። በስልክ የሚጠራውንም ታክሲ ጠራን። ሾፌሩ የሰፈራችንን ቁፋሮ ከአስፋልቱ አይቶ «እዚህ ድረስ ብቅ በሉ» ብሎ ደወለ። እዚያ ድረስ ብቅ የምትል ብትሆን እሱን ምን ያስጠራናል? የእኛ ኤሊ ግን ከጉድጓዶቹ ጋር አብራ ያረጀች ናትና እየተንገዳገደች ታልፋለች።

ሚስቴ ቁርጡን ነገረችኝ። «እሷ ከቆመች እኔም እቆማለሁ። ልጄን ከሥራዋ አላስቀራትም። እዚሁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ።»

ስትቀልድ ድምጿን አውቀዋለሁ። አልቀለደችም።

እንግዲህ ፍሬኗ መላላት ስለ ጀመረ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የፍሬኑን አየር ላወጣ ተነሣሁ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጎማው አጠገብ ተኝቶ ከውስጥ በኩል ያለችውን ትንሽ ቡሎን ይፈታል፤ ሌላው መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። የተኛው ቡሎኑን መልሶ እስኪያጠብቅ የረገጠው መልቀቅ የለበትም፤ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። በትዳር ላይ ከዚህ የከፋ ፈተና አላየሁም። እኛ ቤት የምትረግጠው ሁልጊዜ እሷ ናት። ዘንድሮ ቀኙ እምቢ ስላለ በግራ እግሯ ረገጠች።

«እርገጪ።»

«ረግጫለሁ።»

«ያዢው።»

«ይዣለሁ።»

«እንዳትለቂ።»

«አርባ ምናምን ዓመት መቼ ለቀቅኩ?»

ከቡሎኑ በቀጭን ቱቦ የሚወጣው ዘይት የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ እየተንቦጫረቀ አረፋ ይተፋል። አንዱን ጎማ ጨርሼ ክሪኩን ወደ ሌላው እጎትታለሁ፤ ተኝቼ፣ ተነሥቼ፣ መነጽሬን ፈልጌ፣ ዓይኔ ላይ አግኝቼው፣ እንደገና ተኝቼ። አራተኛው ጎማ ላይ ወገቤ የእኔ መሆኑን ካደ። አረፋው ግን ጠፍቷል።

«ጠነከረ?» አልኳት።

«ይጠነክርና ይሰምጣል።»

«እንዴት ነው የሚሰምጠው?»

«ቀስ እያለ። እግሬ ሥር ቅቤ ያለ ይመስል።»

«የሚሰምጠው ፔዳሉ አይደለም፤ እግርሽ ነው። ደግሞ ግራ እግር ስለ ፍሬን ምን ያውቃል?»

«ግራም ቢሆን የራሴ እግር ነው። እየሰመጠ ነው አልኩህ።»

አስነሣኋትና እኔ ገባሁ። ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መታሁት። «ድንጋይ» አልኳት። እሷ ምርኩዟን አነሣችና ወደ ቤት ገባች። ቶሎ ቶሎ የተመታ ፔዳል ለጊዜው እንደሚጠነክር ዛሬ አውቃለሁ። ረግጬ ጥቂት ብቆይ ኖሮ ከእኔም እግር ሥር ይሰምጥ ነበር። አልቆየሁም። ደክሞኝ ነበር፤ የድካም መጥፎነቱ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ፍሬኑ እንዲሠራ መፈለጌን ትቼ ሥራው እንዲያልቅ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ሐሙስ ጠዋት ይዣት ወጣሁ። እንደ ልማዴ ቀብር የምሸኝ እስኪመስል ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋብኛል። እስከ ጎፋው ቁልቁለት ድረስ ደህና ነበርን። ቁልቁለቱ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሜ መታሁት፤ ምንም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ እሱ ከዘመናት ጀምሮ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። ማርሽ ቀነስኩ፤ ሞተሩ ጮኸ። በቀኝ በኩል ከሚሠራ ሕንፃ ፊት የተቆለለ አሸዋ አየሁና አፍንጫዋን እዚያ ውስጥ ሰካኋት።

ሞተሩ ጠፋ። ሚስቴ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ፊት ለፊት እያየች ነበር።

«ሰመጠ?» አለችኝ።

«ሰመጠ።»

የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው መጡ። አንደኛው በመስኮት ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ፓርኪንግ የተማሩት የት ነው?» አለኝ። ሳቁ እንጂ ደግ ልጆች ናቸው፤ ገፍተው አወጧትና ዳር አስያዙልኝ፤ በማግስቱ በገመድ ተጎትታ ቤቷ ገባች። እኛን ታክሲ አስፋልቱ ድረስ መለሰን። ከዚያ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ሚስቴ ትከሻዬን ይዛ በየአጥሩ እየቆመች ተራመደችው። ጤነኛ ሰው ሲጋራ አጭሶ በማይጨርስበት መንገድ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። እኔም ትከሻዬ ለዚህች ለዚህች እንኳ ይጠቅማል ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ተውኩት።

ሰኞ ስትሆን «አልሄድም» አለች።

«በታክሲ እንሄዳለን። አስፋልቱ ድረስ እኔ እደግፍሻለሁ።»

«አልሄድም አልኩ።»

«መኪናዋ ብታስፈራሽ አልፈርድብሽም።»

«መኪናዋ ምን አደረገችኝ? አሮጌ ናት፣ ታመመች። እኔ ነግሬህ ነበር። የታመመ እግር ያለው ሰው የሚያወራውም የታመመ ነው አልክ።»

እንዲያ ብዬ አልነበረም፤ ግን ያልኩት ከዚያ አይሻልም። በረንዳው ላይ ወንበሯን አውጥታ እግሯን ዘረጋች፤ ያሰበችው በረንዳ ይኸው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀጠሮ አለፋት። ጉልበቷ እየደረቀ ሲሄድ በዓይኔ ይታየኝ ነበር፤ ከወንበሩ ስትነሣ የምታወጣው ትንፋሽ በየቀኑ ይረዝማል።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ወደዚያ ጋራዥ ሄድኩ፤ እጄን አጣምሬ የምቆምበት። ባለቤቱ የልጃችን እኩያ ነው። በሩ ላይ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሊያስተምሩን መጡ?» አለኝ። ልማር እንደመጣሁ ነገርኩት። ሳጥኑን ይዞ ከሰዓት ቤት መጣ። የኋላ ጎማዋን ፈቶ በጣቱ ውስጧን ዳሰሰና ዘይት የነካ ጣቱን አሳየኝ። ዘይቱን የሚይዘው ትንሽ ላስቲክ ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ ላስቲክ በማን ዘመን የገባ ነው?»

«በእኔ ዘመን።»

«እንግዲያው ማንጠባጠቡ አይፈረድበትም።»

«እኔም አልፎ አልፎ» አልኩት። በረንዳው ላይ ሚስቴ ስትስቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ስዞር ግን ፊቷ እንደ ነበረ ነው።

ላስቲኩን ቀየረና አየር ማውጣቱ ላይ ደረሰ። «የሚረግጥልኝ ሰው» አለ። እኔ በሩን ከፈትኩ።

«ተወው» አለች ከበረንዳው። «እኔ እረግጣለሁ።»

ምርኩዟን አጥሩ ላይ አስደግፋ ገባች፤ ቀኝ እግሯን በእጇ አንሥታ አስገባችው። ከመኪናው ሥር የባለ ጋራዡ ድምፅ መጣ።

«ይርገጡ እናቴ። ይያዙ። እሺ፣ ይልቀቁ።»

እኔ የት እንደምቆም ጠፋኝ፤ ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ።

«ጠነከረ?» አላት።

«ገና ነው። ይሰምጣል።»

ሰውዬው እርግጠኛ ነዎት አላለም፣ የትኛው እግርዎ ነው አላለም። ከሥር ወጥቶ ሌላኛውን የኋላ ጎማ መፍታት ጀመረ። ውስጡ እርጥብ ነበር። እኔ ለዓመታት ያልሰጠኋትን እምነት እሱ ያለ አንድ ቃል ሰጣት፤ ጠርሙሱ እጄ ላይ ከበደኝ።

ያንንም ቀይሮ ተመልሶ ተኛ። አየሩን አወጡ። «አሁንስ እናቴ?» አለ።

ሚስቴ በግራ እግሯ ረገጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። እሱም ከሥር አልቸኮለም።

«ቆሟል» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ በመስኮቱ አየችኝ።

«የሐሙሱ ቀጠሮ ስንት ሰዓት ነበር?»

ሰዓቱን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

«ሦስት ሰዓት» አልኳት።